የአክስትን ሕልም ማጀብ፦ ትልቅ ሰው ይዞ ድሬዳዋና ሐረር ስለ መሄድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሰባ አንድ ዓመት አክስቴን አጅቤ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያም ሐረር ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ዘመዱም ጎረቤቱም የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬ እስከ ከባዱ እንዲህ መልሼዋለሁ።

አብሮ የሚሄድ ሰው ሥራው ምንድን ነው? ሻንጣ መያዝ ብቻ ነው?

ሻንጣ መያዝ ትንሹ ሥራ ነው። ትልቁ ሥራ ጉዞው የማን እንደሆነ አለመርሳት ነው። የአክስቴ አባት የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። "ስታድጊ ድሬዳዋ እወስድሻለሁ" ይሏቸው ነበር፤ ሳይወስዷቸው አረፉ። አክስቴ ድሬዳዋን ሳያዩ የጣቢያዎቹን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘው ኖሩ፦ አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ሙሉ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ፣ ድሬዳዋ። እንዲህ ያለ ሰው ይዛችሁ ስትሄዱ አስጎብኚ አይደላችሁም፤ አጃቢ ናችሁ።

በተግባር ሲታይ ሥራው ትኬትና መታወቂያ መያዝ፣ መድኃኒት መቁጠር፣ ሆቴሉ ስንት ደረጃ እንዳለው ቀድሞ በስልክ መጠየቅ፣ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ሳይጠየቁ ማወቅ ነው። አንድ ተጨማሪ አለ፤ እርሱም ዝም ማለት ነው። ስድሳ ዓመት ሲጠብቁት የኖሩትን ነገር ሲያዩ "ይኸውላችሁ፣ ይህ ማለት…" እያሉ ጣልቃ መግባት አይገባም።

ስንት ቀን ይበቃል? በየትኛው ወር ቢኬድ ይሻላል?

ጎረምሳ በሦስት ቀን ሁለቱንም ከተማ አይቶ ይመለሳል። ከትልቅ ሰው ጋር ግን አምስት ወይም ስድስት ቀን ያዙ፤ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ለዕረፍት ተዉት። እኔ ይህን ባለማወቄ በደረስን ማግስት ጠዋት ሐረር ልንወጣ መኪና ተከራይቼ ነበር። አክስቴ እግራቸው አብጦ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው፤ ቀብዱም ቀረ።

ወሩን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ወጣቱንም ያዝላል። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ ትቀዘቅዛለች፤ ምሽት ላይ ጋቢ ወይም ሹራብ ትፈልጋለች። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሁለቱም ከቤቱ ዝቅ ያሉ ናቸውና ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥርብናል ብላችሁ አትስጉ።

በባቡር፣ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልቡ ወይም ወገቡ ለታመመ ሰው ሌላ ምርጫ ማሰብ አያስፈልግም። የመኪናው መንገድ በአሰበ ተፈሪና በሂርና በኩል የጨርጨርን ተራሮች ይዞ ይሄዳል፤ ዕይታው እጅግ ያምራል፣ ግን ሐረር ድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጠመዝማዛውም ሆድ ያገላብጣል። በመኪና ከሄዳችሁ መሐል ላይ እደሩ።

ባቡሩን በተመለከተ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ከለገሃር ይነሳ የነበረው የድሮው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የገባው ነው። ዛሬ ሰው የሚያጓጉዘው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሆን መስመሩ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። የሚነሳውም ከለገሃር ሳይሆን ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ለቡ ካለው ጣቢያ ነው። አክስቴ ለገሃር ካልሄድን ብለው ተከራክረውኝ ነበር። በጣቢያው ፊት ለፊት በመኪና አሳልፌያቸው፣ የይሁዳ አንበሳውን ሐውልት በመስኮት አይተው ከተሳለሙ በኋላ ነው ወደ ለቡ ለመሄድ የተስማሙት።

ጣቢያው ከመሐል ከተማ ስለሚርቅ ከቤት ጎሕ ሳይቀድ ውጡ። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፤ ፍተሻ ስላለ ሹል ነገር፣ የሽንኩርት ቢላዋም ቢሆን፣ ስንቅ ውስጥ አትክተቱ። ባቡሩ በየቀኑ ላይሄድ ስለሚችል የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት በሳምንቱ ውስጥ አጣሩ። የመንገዱን ሁኔታም እንዲሁ፤ በ2017 ዓ.ም. አዋሽና ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ በነበረበት ጊዜ ተጓዥ ሁሉ ሲጠያየቅ ነው የከረመው። የመስኮት ወንበር ለእርሳቸው ይሁን። መተሐራ ስትደርሱ ባቡሩ የበሰቃን ሐይቅ ታክኮ ሲያልፍ ዝም ብላችሁ ፊታቸውን ተመልከቱ፤ የእኔ ትኬት ዋጋ እዚያ ተመልሷል።

ወጪውን ማን ይሸፍን?

ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ፊት ቆሞ "እኔ ልክፈል፣ አይ እኔ" መባባል ያሳፍራል። እኔ ሁሉንም ልከፍል ቆርጬ ነበር። አክስቴ ግን ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው "የእህቴን ልጅ መንገድ አውጥቼ አላስርብም" አሉ። ልከለክላቸው ስል ተቀየሙ። ስህተቱ የእኔ ነበር፤ ለዓመታት ሕልሙን ሲቆጥብለት የኖረን ሰው ገንዘብህ አያስፈልግም ማለት ሕልሙን መቀማት ነው። በመጨረሻ መጓጓዣውን እኔ፣ ምግቡን እርሳቸው፣ ሆቴሉን እኩል ተካፈልን። ምግቡን እርሳቸው በመክፈላቸው ምን እንደምንበላም እርሳቸው ወሰኑ፤ ይህን አስቀድሜ አላሰብኩበትም ነበር።

ዘመዳችሁ ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር የመጣ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ እርሱ ሁሉን ይከፍላል፣ እናንተ ደግሞ የሥራ ቀናችሁን ትከፍላላችሁ። የሥራ ቀን ማጣት ወጪ መሆኑን ከአገሩ የራቀ ሰው ላያስታውስ ይችላል። "ከሰኞ እስከ ሐሙስ ፈቃድ አገኛለሁ፣ ከዚያ በላይ ይቆረጥብኛል" ብሎ በግልጽ መናገር ነውር የለውም። ሳይናገሩ ሄዶ መንገድ ላይ ማኩረፍ ነው ነውሩ።

አንድ ክፍል እንያዝ ወይስ ሁለት?

እናትና ሴት ልጅ፣ ወይም አባትና ወንድ ልጅ ከሆናችሁ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ይሻላል። ሌሊት ሲነሱ የማያውቁት ክፍል ውስጥ መብራት ፍለጋ የሚወድቁ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሁለት ክፍል ከሆነ ጎን ለጎን፣ ምድር ቤት ይሁን። "አሳንሰር አለን" የሚል ሆቴል መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። የእጅ ባትሪ በትራሳቸው ሥር አስቀምጡ።

መድኃኒታቸውን እና ጤናቸውን እንዴት ልጠብቅ?

መድኃኒት በእጅ ቦርሳ እንጂ በሻንጣ አይገባም። ከምትቆዩበት ቀን የሦስት ቀን ትርፍ ያዙ፤ የሐኪሙን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ የድሬዳዋ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ክፍሉ ማቀዝቀዣ እንዳለው ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ መንገድ ላይ ደግሞ በፎጣ በተጠቀለለ ቀዝቃዛ ውሃ አጠገብ ያዙት፣ በረዶ ግን አይንካው። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ካለ ጉዳዩን ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩበት። መንገድ ላይ መጸዳጃ ፈርተው ሳይውጡት የሚቀሩ፣ ውሃም የማይጠጡ አሉ። አክስቴ ከነዚህ አንዷ ነበሩ፤ ያወቅሁት አዋሽን ካለፍን በኋላ ከንፈራቸው ሲደርቅ ነው።

ድሬዳዋ የወባና የደንጊ ትንኝ ያለባት ከተማ ናት። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው፤ ስለዚህ አጎበር ብቻ አይበቃም፣ ረጅም እጅጌና የሚቀባ መከላከያም ያስፈልጋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዛቸው "ድሬዳዋ ሄደው ነበር" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ድሬዳዋ ውስጥ ምን እናሳያቸው?

ከተማዋ በደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ትከፈላለች። ባቡሩ የወለደው ከዚራ በአንድ በኩል፣ መጋላ በሌላ በኩል። ከዚራ ጥላ አለው፤ ዛፎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተቃቅፈው ጎዳናውን አዳራሽ አስመስለውታል። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት እዚያ በእግር አዝግሙ። ከቀትር እስከ 10 ሰዓት ከተማው ራሱ ይተኛል፤ እናንተም ተኙ። ፀሐይ ስታዘነብል መጋላ ተሻግራችሁ የቀፊራን ገበያ እዩ፤ ባለ ቀለም ሽፎኑ፣ ቅመሙ፣ የኦሮምኛው፣ የሶማልኛውና የአማርኛው መቀላቀል ራሱ ትርኢት ነው። ባጃጅ በየደጁ ስለሚገኝ ጉልበት አይጨነቅም። ለገ ኦዳ የሚባሉት የዋሻ ሥዕሎች ከከተማው ራቅ ብለው ይገኛሉ፤ ድንቅ ናቸው፣ ግን ለሰባ ዓመት ሰው አልመክርም።

ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው ጁገልን እንዴት ያዩታል?

ከድሬዳዋ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በደንገጎ ሽቅብ ይጠማዘዝና በሐረማያና በአወዳይ ያልፋል። ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ የቀረው በዚህ አቀበት ምክንያት መሆኑን ለአክስቴ ስነግራቸው፣ "እንግዲያ ሐረር ተራራዋን ታመስግን፤ ሳትነካ ኖረች" አሉ። ጁገል የሚባለው አሮጌው ከተማ በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር እንዳሠሩት በሚነገረው ግንብ የታጠረ ነው፤ ግንቡ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መስጊዶቹ 82፣ አዋልያ፣ ማለትም የሙስሊም ቅዱሳን፣ የሚዘከሩባቸው ቦታዎች 102 ናቸው። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለማዳረስ መነሳት የአጃቢዎች የተለመደ ጥፋት ነው።

እኔ የማውቀው ዘዴ ይህ ነው፦ መኪናው ወይም ባጃጁ ፈረስ መጋላ እስከሚባለው አደባባይ ድረስ ይግባ፤ ከዚያ ቁልቁል ብቻ ተጓዙ፤ የምትወጡበት በር ላይ መኪናው ይጠብቃችሁ። ቁልቁለት ለጉልበት የባሰ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ስለዚህ ምርኩዝ ያዙ፣ በየሃምሳ እርምጃው መቀመጫ ፈልጉ። መኪና ግርግር በምትባለው፣ ልብስ ሰፊዎች ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው በሚደረደሩባት ቀጭን ጎዳና ላይ አንድ ሰፊ ለአክስቴ በርጩማ ሰጧቸው። የነጠላ ጥለት ሲያስጠግኑ አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። መርሐ ግብሬ ላይ በዚያ ሰዓት የራምቦ ቤት ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ገደማ ሐረር መጥቶ በንግድ የኖረ ሰው ነው፤ በስሙ የሚጠራው ባለ እንጨት ቤት ግን እርሱ የኖረበት ስለ መሆኑ ማስረጃ የለም። አክስቴ "ታዲያ ያልኖረበትን ቤት ምን ብለን እናያለን?" ሲሉ መልስ አጣሁ። ቀረ።

ያልቀረው የሐረሪ ቤት ነው። እንግዳ የሚቀበሉ ባለቤቶች አሉ፤ ጥቂት ብር ይከፈላል። ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ። ከፍና ዝቅ ባሉት ቀያይ መደቦች ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፤ ግድግዳውን የሞላው ስፌት ደግሞ ትልልቅ ሴቶችን ያነጋግራል። አክስቴ ሙዳይ የሚሰፉ ሰው ናቸውና ከቤቲቱ እመቤት ጋር ቋንቋ ሳይጋሩ በጣት እያሳዩ ስለ አክርማ ለረጅም ጊዜ ተጨዋወቱ። እኔ በሩ ላይ ካለው መደብ ተቀምጬ ቁጢ፣ ማለትም የቡና ቅጠል ሻይ፣ ጠጣሁ።

ጅብ ማብላቱ አደገኛ ነው? ይወሰዱ ወይስ ይቅር?

ከግንቡ ውጭ፣ ሲመሽ፣ ጅቦቹን በስም እየጠሩ በእንጨት ጫፍ ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ፤ ጎብኚም ከፈለገ ያጎርሳል። ጅቦቹ ለሰው ድምፅና ሽታ ለምደዋል፤ የዱር አራዊት መሆናቸው ግን አልቀረም። ርቀት ጠብቆ ማየት ይቻላል፤ ከመኪና ውስጥ ሆኖም ማየት ይቻላል፣ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም የሚመርጡት ይህንኑ ነው። አትሩጡ፣ የሥጋ ሽታ ያለበት ነገር አትያዙ፣ ልጅ ካለ በእጃችሁ ያዙት፤ የሚያበላው ሰው የሚላችሁንም ስሙ።

ዋናው ጉዳይ ፈቃዳቸው ነው። በጅብ ተረት ያደገ ትውልድ ለሆኑት ነገሩ መዝናኛ ላይመስላቸው ይችላል። "ሐረር መጥቶ ጅብ ሳያዩማ!" እያላችሁ አትጎትቷቸው። አክስቴ አማትበው መኪና ውስጥ ቀሩ። እኔ ወርጄ አጎረስኩ፤ ስመለስ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና አስታጠቡኝ፣ ማታም "ሲጠራው በስሙ ነው የመጣው አይደል?" እያሉ ደጋግመው ጠየቁኝ። በማግስቱ ለእናቴ በስልክ ሲያወሩ ግን ራሳቸው ያጎረሱ ይመስሉ ነበር፤ አላረምኳቸውም።

ምግቡስ? ጾም ቢሆንባቸውስ?

ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ በሁለቱም ከተሞች ይገኛል፤ ምስር ወጥና ሽሮ አይጠፋም። ዐቢይ ጾም ውስጥ ከሆነ ግን ስንቅ ያዙ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ትልቅ ረዳት ናቸው። በሐረር የግመል ሥጋና የግመል ወተት የተለመደ ነው። የኦርቶዶክስ አማኝ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ያዘዛችሁት ሥጋ የምን እንደሆነና የየትኛው እምነት ተከታይ እንዳረደው ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሙስሊም ዘመድ ይዛችሁም ያው ጥያቄ ነው። የአገሩ ሰው ስለለመደው አይከፋም። የስኳር ሕመም ላለባቸው የምግቡ ፈተና ሐልዋው ነው፤ ሱቁ ደጅ ላይ ተቆልሎ ይጠራል። "ለቤት ነው የምገዛው" ይሏችኋል። አትመኑ፤ ቆጥራችሁ ተረከቡ።

ቁልቢ ገብርኤልን መጨመር ይቻላል?

ይቻላል፤ ቁልቢ ከድሬዳዋ ወጥታችሁ ደንገጎ ላይ ወደ ምዕራብ ስትታጠፉ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ነው። የታኅሣሥ 19 እና የሐምሌ 19 ክብረ በዓል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከመላ አገሪቱ ሕዝብ ይጎርፋል፣ ትኬትና አልጋ ከሳምንታት በፊት ያልቃል፣ መንገዱም ይዘጋጋል። ስለት ያለባቸው ከሆነ ቀኑን መቀየር አይቻልምና ጉዞውን ሁሉ በቀኑ ዙሪያ አቅዱ፤ ድሬዳዋና ሐረር ከበዓሉ በኋላ ይሁኑ። ስለት ከሌለባቸው ተራ ቀን ሄዶ ተሳልሞ በጸጥታ መመለስ ይሻላል። አክስቴ በተራ ቀን ሄደው ጃንጥላ አስገቡ፤ ስለቱ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሌሎች ዘመዶች "እኛንም ጨምሩን" ቢሉስ?

ይላሉ። ወሬው በተሰማ በሦስተኛው ቀን ከሁለት ሰው ሰባት ደርሰን ነበር፤ አንዷ የአጎት ልጅ ሁለት ሕፃናት ልታመጣ። ሰባት ሰው ሲሆን የሚኬደው ብዙኃኑ ወደ ፈለገው ነው፤ ሽማግሌዋ ደግሞ "እንደ ፈለጋችሁ" ይላሉ። ስለዚህ ውሳኔውን ለባለ ሕልሟ ስጡ፣ መልሱን ግን እናንተ አድርሱ። "አክስቴ ብቻችንን እንሂድ ብለዋል" ማለት እርሳቸውን ከቤተ ዘመዱ ያጣላል። "ትኬቱን የቆረጥኩት ለሁለት ነው፣ በሌላ ጊዜ አብረን" በሉ። ትንሽ ትታማላችሁ። የአጃቢነት ክፍያ አንዱ እርሱ ነው።

ቦታውን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ ወይም እኔ ማየት የምፈልገው ሌላ ነው። ምን ላድርግ?

ያያችሁት ከሆነ ማወቃችሁን በኪሳችሁ ያዙ። "ይህ ምንም አይደል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ነው የሚያምረው" የምትል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጉዞ አበላሽታለች። የራሳችሁ ፍላጎት ካለ ደግሞ አትደብቁት፤ ሲደበቅ ፊት ላይ ይወጣል። እርሳቸው ሲያርፉ፣ ከምሳ በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ሰዓቶች የእናንተ ናቸው። ስልክ ክፍት አድርጋችሁ፣ የሆቴሉን ሰው አደራ ብላችሁ ውጡ። እኔ በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ያየሁት በዚህ መንገድ ነው፤ የእጅ ጽሑፎቹንና የድሮ ሳንቲሞቹን ብቻዬን ስመለከት ማንም "ደከመኝ" አላለኝም።

መንገድ ላይ ብንኮራረፍስ?

ትኮራረፋላችሁ፤ በአራተኛው ቀን አካባቢ። የእኛ ጠብ የተነሳው በፎቶ ነበር። በየበሩ "እዚህ ጋ ይቁሙ፣ ፈገግ ይበሉ" ስላቸው "ለእኔ ነው የመጣኸው ወይስ ለስልክህ?" አሉኝ። እኔም "ሁሉን ትቼ የመጣሁት ለማን ነው?" አልኩ። ይህችን ቃል አትናገሯት። እውነትም ብትሆን፣ በተለይ እውነት ስትሆን፣ ለታላቅ ሰው ውለታ መቁጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ ውሃ እንኳ አይጠይቋችሁም።

ማስታረቂያው ቀላል ነው። ታናሽ ነውና ይቅርታ የሚጠይቀው አጃቢው ነው፤ ማን አጠፋ ብላችሁ አትመርምሩ። ቡና አዝዛችሁ ጎናቸው ተቀመጡ፣ ስለ ልጅነታቸው አንድ ነገር ጠይቁ። እኔ "አባትዎ ከመንገድ ሲመለሱ ምን ያመጡላችሁ ነበር?" አልኩ። ብርቱካን፣ አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት አወሩ፤ ስልኬን አላወጣሁም።

ሲያልሙት የኖሩት ነገር ቦታው ላይ ባይኖርስ?

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነው። አክስቴ ያለሙት ድሬዳዋን ብቻ አልነበረም፤ ያንን ባቡር ነበር። በየጣቢያው የሚቆመውን፣ በመስኮቱ ወተትና የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጥበትን፣ ሊቶሪናው፣ ማለትም አነስተኛው ፈጣን ባቡር፣ ሲመጣ ሕፃናት የሚሯሯጡለትን፣ አባታቸው የሠሩበትን። አዲሱ ባቡር ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ መስኮቱ ግን አይከፈትም፣ አብዛኞቹን የድሮ ጣቢያዎችም አይቆምባቸውም። ከአዋሽ በኋላ አክስቴ በጣታቸው መስተዋቱን እየነኩ ስም ይቆጥሩ ነበር፣ ባቡሩ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። "ይኸኔ አፍደም ነበርን" አሉ። መሆን አለመሆኑን ስልኬ ላይ አይቼ ላረጋግጥላቸው ስል ተውኩት።

እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ሦስት ነገር እንዳታደርጉ። አታጽናኑ፤ "አዲሱ ይሻላል እኮ" ማለት ማጽናናት አይደለም። በሌላ ነገር አታዘናጓቸው። በዚያች ሰዓት "ብዬ ነበር እኮ" የሚል መካሪም አትሁኑ። ይልቅ ከሕልሙ የተረፈውን ፈልጉ፤ ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል። ድሬዳዋ ላይ የተረፈው ከዚራ ያለው አሮጌው ጣቢያ ነው፤ የፈረንሳይኛ ጽሑፉ ግንባሩ ላይ አለ፣ ግቢው ውስጥ የድሮ ሐዲድና ፉርጎ አለ። መግባት በፈቃድ ነው፤ በር ላይ በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ አዲስ አበባ በምንመለስበት ዕለት ጠዋት ሄድን። በሩ ላይ የነበሩት ዘበኛ ከአክስቴ ብዙም የማያንሱ ሰው ናቸው። አክስቴ ማን እንደሆኑ ሳይናገሩ፣ ሰላምታ ሰጥተው ቀጥታ "አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት…" ብለው ጀመሩ። ዘበኛው ቀስ ብለው ቆባቸውን አወለቁ። አፍደም ላይ ሲደርሱና "ጎታ" ሲሉ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። "ቢኬን ዘለሏት እሜቴ፤ ከአፍደም ቀጥሎ ቢኬ ናት።" አክስቴ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ስድሳ ዓመት ቢኬን ዘልለው ኖረዋል፤ አባታቸው ረስተዋት ይሁን እርሳቸው ሳይሰሟት ቀርተው፣ አሁን የሚነግራቸው የለም። ዘበኛው በርጩማቸውን ለቀቁላቸው፣ ከቡና ሻጯ ሦስት ስኒ አስመጡ። ፎቶ አላነሳሁም። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥተን፣ ሻንጣውን እኔ ይዤ ሰዓቱን ረስቼው፣ "ባቡሩ እንዳያመልጣችሁ፣ አዲሱ ጣቢያ ሩቅ ነው" ብለው ያስነሱን ዘበኛው ናቸው። ስንመለስ አክስቴ በመስኮቱ በኩል ከድሬዳዋ ጀምረው ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ ቢኬ።